«እግዜር ያውቃል» የሚለው ማን ነው?

አባቴ ከሞተ ሦስተኛው ሳምንት ነበር። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የሰፈሩ ዕድር ቅሬው ድስቱንና አግዳሚውን ቆጥሮ ወስዷል፤ ከደሴና ከአቀስታ የመጡት ዘመዶችም በየመኪናቸው ተመልሰዋል። እናቴ ግን እስከዚያች ቀን አላለቀሰችም። ለቅሶው ሲጋጋል እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዝም ብላ ነበር የተቀመጠችው። የመካነ ሰላም የጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያን ዕለትም ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ጀበናዋን በጨርቅ ጠቅልላ በካቡ በኩል ዞራ ገባች። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን። ሥጋ አብረን አንበላም፤ እሷና እናቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲጠራሩ ኖረዋል።

አቦሉን ቀድታ ሰጠቻትና እንዲህ አለቻት፦ «እታለም፣ ሊነጋ ሲል በሬዎቹን ሊያይ ሲወጣ ካቡ ሥር ቆሞ ሦስቴ ይስል ነበር። እኔ ለሱብሒ የምነሣው በእሱ ሳል ነበር። አሁን ቀድሜ እነቃና ሳሉን እጠብቃለሁ።»

እናቴ ስኒዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች። ያንን ሳል እሷ ብቻ የምትጠብቀው መስሏት ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ዘመዳችን ይመጣ ነበር። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። አንድ ማታ እናቴ «ያን ሌሊት ቀድሜ ብነቃ ኖሮ…» ብላ ስትጀምር «ተይ፣ ተይ! እግዜር ያውቃል። እሱን አታማርሪ» አላት። ውሸት አልተናገረም። እናቴም «እውነትህን ነው» ብላ ዝም አለች። ያቺን ንግግር እስከ ዛሬ አልጨረሰቻትም።

ሁለቱም ሊያጽናኗት ነው የመጡት። ዘመዳችን የጠራው ከሁሉ በላይ የሆነውን አዋቂ ነው፤ ጎረቤታችን የተናገረችው ስለ አንድ ሰው ሳል ነው። እናቴን ግን ሳሉ አስለቀሳት፤ የእግዜር ስም ዝም አሰኛት። ሰው የሚጽናናው የሚረዳው ሰው ሲያገኝ ነው ወይስ አምላኩ እንደሚያውቅለት ሲያስብ? ከዚያ ወዲህ ይህን ስመዝን ኖሬአለሁ። ባገሬ ሁለቱም ወገን ጠንካራ ነው፤ ሁለቱም ማስረጃ አለው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛ «ተረዳ» ስንል ሦስት ነገር እንላለን፦ ነገሩ ገባው፣ እርዳታ አገኘ፣ መርዶ ሰማ። «የልጇን ሞት ገና አልተረዳችም» ሲባል ሽማግሎች ሌሊት ሄደው አልነገሯትም ማለት ነው። ለራሱ መርዶ የሚያረዳ ሰው የለም፤ ሌላው በሩን ማንኳኳት አለበት። ይህ ቋንቋ ያሳደገው ሰው መረዳትንና መረዳዳትን ለያይቶ ማሰብ ቢቸግረው አይደንቅም።

የሰውን ወገን የሚይዙት የሚያዩት ይህንን ነው። በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከቦረና እስከ ሳይንት፣ ከለጋምቦ እስከ ወግዲ፣ ኀዘን ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም። ቅሬው ሬሳ ከመቅበር አልፎ ለቀሪው ቤተሰብ ወሬና እንጀራ ይዞ ይመጣል። አልቃሿ የሟቹን ሙያ ብቻ አትደረድርም፤ እያንዳንዱ ለቀስተኛ በሆዱ የያዘውን ታውቅና በእሱ ፈንታ ታወጣለታለች፤ እሱም «ለኔ ነው ያለችው» ብሎ ደረቱን ይመታል። ወዳጃ የሚባለው የዱዓ ጉባኤም አለ። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይዘረጋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ልጄ ታሞብኛል፣ ሌላው ከወንድሜ ተኳርፌአለሁ ይላል። ሸክሙ በስም ተጠርቶ ዱዓ ይደረግበታል፣ ጉባኤው በሙሉ «አሚን» ይላል። እዚያ ቤት የገባ ሰው ጸሎቱ መቼ እንደሚሰማለት ባያውቅም ችግሩን የሰሙ ጆሮዎች ስንት እንደሆኑ ግን ቆጥሮ ይወጣል። በኦርቶዶክሱም ዘንድ እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው። ኃጢአትን የሚያውቅ አምላክ ሳለ ለካህን መናገር ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አንዱ መልስ ሰው የሠራውን ሰው ፊት ጮክ ብሎ ሳይናገር ለራሱም አያምነውም የሚል ነው።

«አብሽር» የምንለውም ከዚህ ይመጣል። ሌላው አማራ አይዞህ በሚልበት ቦታ የወሎ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አብሽር ይላል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የምሥራች እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው ሐሳብህን ዐይቶ፣ ምንም ሳትነግረው፣ «አብሽር» ሲልህ የሚሰማህን ሌላ አገር ስትኖር ነው የምታውቀው።

ይህ የወሎ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሥራ ጀመሩ። ለአገሩ ሕዝብ የሚበቃ ሐኪም ስለሌለ በየጤና ጣቢያው ግቢ የእንጨት አግዳሚ አስቀመጡ፣ አያቶችን አሠልጥነው አስቀመጡበት፣ የተጨነቀ ሰው መጥቶ እንዲያጫውታቸው አደረጉ። በሾና ቋንቋ ያ ሕመም ኩፉንጊሲሳ ይባላል፤ እኛ «ሐሳብ አበዛ» የምንለው ነው። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ይዞ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አያቶቹ ዘንድ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው እንደ ተገኙ አሳይቷል። አያቶቹ ዝም ብለው ብቻ አልሰሙም፤ ችግሩን ከባለ ችግሩ ጋር እየቆራረሱ መፍትሔ ይፈልጉ ነበር። ያም ሆኖ መነሻው አንድ አግዳሚና አንዲት የማትቸኩል አሮጊት ናቸው። ይህን ሳነብ የኛ ጎረቤት ከነጀበናዋ ነው የመጣችብኝ።

እዚህ ላይ ብቆም ክርክሩ ያለቀ ይመስላል። የሌላውን ወገን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ንቄም ላልፈው አልችልም።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተጠርዘው ሲመለሱ ከወሎ የሄዱ ልጆች በብዛት ነበሩባቸው። ከእነሱ አንዷን አውቃታለሁ። እሷ በምትኖርበት ሰፈር አንድ ቀን ቡና ላይ፣ በሳዑዲ የደረሰባትን ለሁለት የልብ ወዳጆቿ ነገረቻቸው። በሳምንቱ ወሬው ገበያ ወጣ። ክፉ ለማድረግ ብሎ ያወጣው አልነበረም፤ አንዷ አዝና ለእናቷ ነገረች፣ እናቲቱ አዝና ለእህቷ ነገረች፣ እንዲህ እየታዘነላት አለቀች። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ ስትቀመጥ የምታወራው ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። ስጠይቃት «ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። ቀጥላም፣ ሌሊት ስትሰግድ ግንባሯን መሬት ላይ ስታሳርፍ ብቻ ሁሉንም እንደምትናገር፣ ያም እንዳልወጣባት ነገረችኝ። እንዲህ ላለ ሰው «ለሰው ተናገሪ፣ ይቀልሻል» ማለት ቁስሏን ለነካው እጅ መልሰሽ ስጪ ማለት ነው።

ከዚህ የከበደም ታሪክ አለን። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እንደ ሼህ ጡልሃ ጀዕፈር ያሉት አሻፈረን ብለው ተቃወሙ። ከሁለቱ መካከል ያለው ተራ ሰው ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሆኖ እየዋለ ሌሊት በሩን ዘግቶ እንደሚሰግድ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ለእነዚያ ሰዎች መታወቅ ማለት መያዝ ነበር። የሚረዳቸው ሰው መፈለግ ራሱ አደጋ በሆነበት ዘመን የቀራቸው አንድ አዋቂ ብቻ ነው። የልብን የሚያውቅ አምላክ ባይኖራቸው ኖሮ ሁለት ፊት ሲኖሩ የትኛው የራሳቸው እንደሆነ በምን ያውቁት ነበር? ቁርኣን አምላክ ለሰው ከደም ሥሩ ይልቅ ቅርብ ነው ሲል፣ ዳዊትም መቀመጤንና መነሣቴን ታውቃለህ ብሎ ሲጸልይ፣ እነዚህን ሰዎች በስማቸው የጠራቸው ያህል ይሰማኛል። በቁርኣን የዩሱፍ አባት ያዕቁብ ልጆቹ «ከሐሳብ ብዛት ልትሞት ነው» ሲሉት ኀዘኑን የሚያሰማው ለአላህ ብቻ እንደሆነ ይመልስላቸዋል። ያ መልስ ኩርፊያ አይደለም። ልጆቹ ያዘነበትን ነገር ራሳቸው ያደረጉ ናቸውና ለማን ይናገር?

የኢዮብን ወዳጆችም አስቡ። ከየአገራቸው መጥተው ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ከዚያ የተሻለ ለቅሶ ደራሽ የለም። ችግሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የመጣው፦ የገባቸው መሰላቸው፣ አንተ ብትበድል ነው አሉት። «ይገባኛል» ብሎ ሳይገባው የሚናገር ሰው ከማይሰማው ይልቅ ያቆስላል፤ የማይሰማው ቢያንስ ሌላ ሰው እንድትፈልግ ይተውሃል።

እንግዲህ የሰው ጆሮ ያፈስሳል፣ የሰው ልብም ይስታል። ይህ ተራ ሐቅ ነው። ይሁን እንጂ በእግዚአብሔር ወገን የሚቆመውም ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። በኛ ደጋ የእርሻ ወሰን ጠብ የማይጠፋ ነገር ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ጥማድ መሬት ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ፣ ሁለቱም ደረታቸውን ይዘው «እውነቴን እግዜር ያውቃል» ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። አምላክ እንደ ተረዳቸው ሁለቱም ይሰማቸዋል። ሽማግሎቹ ግን እዚያ ላይ አያቆሙም፤ ተነሥተው እርሻው ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ የወሰኑን ድንጋይ ያያሉ፣ የድሮውን ድንበር የሚያውቅ አዛውንት ይጠራሉ። የሚመላለስበት ሰው የሌለው የራሱን ድምፅ የአምላክ ድምፅ አድርጎ ሊሰማ ይችላል። ፈጣሪ ሁሉን ማወቁ አያጠያይቅም፤ እኔ ከእሱ ሰማሁ የምለው ግን ሌላ ሰው ሊመረምረው ይገባል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ወዳጃውንና በአውሊያ (በቅዱሳን) መማለድን የሚነቅፉ የእስልምና መምህራን አሉ፤ ለአምላክህ በቀጥታ ንገር፣ መካከል ላይ ማንም አያስፈልግህም ይላሉ። ወንጌላውያኑም በራሳቸው መንገድ ይህንኑ ይሉናል። ሰውን ከአጭበርባሪ ቃልቻና ከጠንቋይ ስለሚያድን ምክራቸው ክብደት አለው፤ «ሳትነግረኝ ችግርህን ዐወቅሁ» የሚል ጠንቋይ የሚነግደው በዚሁ በመታወቅ ረኃባችን ነውና። የደጋው ሕዝብ ግን በሁለቱም ሃይማኖት በልማዱ አማላጅ ይፈልጋል። እመቤታችንን የሚጠራት እናት ስለሆነች፣ ልጅ ስለ ሞተባት ነው። ሰው ያልሆነ ነገር የሰውን ነገር ሙሉ በሙሉ ያውቃል ብሎ ለማመን ልቡ የፈራ ይመስለኛል። የቦታ ስሞቻችንም ይህንኑ ያሳያሉ፦ መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያ። የመጀመሪያው በግእዝ የሰላም ቦታ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከኦሮምኛና ከዐረብኛ ተጋጥሞ የቅዱሳን ኮረብታ። አገሩ በሦስት ቋንቋ የሰየመው እረፍትንና የአምላክን ወዳጆች ነው።

ወደ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ልምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ የእሱ ነገር ነው። ገዳሙ ጋስጫ በዚሁ በቦረና ምድር ነው፤ ሐምሌ 7 በዓሉ ሲነግሥ ሕዝቡ ገደሉን ወርዶ ይሄዳል። ይህ ሰው በ1416 ዓ.ም. መጽሐፈ ምሥጢርን የጨረሰ፣ መጽሐፈ ሰዓታትን ያዘጋጀ፣ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከላይ የሚቀመጥ ሊቅ ነው። ገድሉ እንደሚለው ግን በልጅነቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ትምህርት አልገባው አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። መምህራኑ ተስፋ ቆረጡ። እሱም ለማኅበሩ እህል የሚፈጭ ሆነ።

ወፍጮ የፈጨ ያውቀዋል። መጁ ሲሄድና ሲመለስ ድምፁ ሰው ከሰው እንዳይሰማማ ያደርጋል። ከወፍጮው ሥር ተንበርክከህ ብታለቅስ ማንም አይሰማህም፤ እንባህ ከላብህ አይለይም፣ ዱቄቱ ፊትህ ላይ ይለጠፋል። ልጁ እዚያ እየዋለ፣ ማታ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር ይባላል። ሰው ሁሉ ደንቆሮ ያለውን አንዲት እናት አላለችውም፤ ምሥጢር ተገለጠለት ይላል ገድሉ። የሰው ግምት ሁሉ ሲሳሳት ከላይ መታወቅ እንዴት ሰውን እንደሚያቆም ከዚህ በላይ ምሳሌ የለኝም።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በሥዕሉ ፊት ብቻውን ያለቀሰው ልጅ አድጎ ያደረገው ሌላው ሰው በሌሊት የሚጸልይበትን ቃል መጻፍ ነው። መጽሐፈ ሰዓታት ለብቻ የሚነበብ ምሥጢር አይደለም፤ ማኅበር ቆሞ የሚያደርሰው ነው። ሼህ ጡልሃም በበኩላቸው በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ግጥም ጽፈዋል፤ ዐረብኛ የማያውቅ ገበሬ በራሱ አፍ የሆዱን ለጌታው እንዲያሰማ። ከአምላክ ዘንድ መታወቅን የቀመሱ እነዚህ ሁለት የወሎ ሰዎች ያንን ወደ ሰው ይዘውት ወጡ።

ይህን ካየሁ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱሷን የሐናን ታሪክ እንደገና አነበብሁት። መካን ናት፣ ጣውንቷ ታበሽቃታለች፣ ሴሎ ቤተ መቅደስ ገብታ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ሳይወጣ ትጸልያለች። ካህኑ ኤሊ የሰከረች መስሎት ይገሥጻታል። እዚህ ድረስ ታሪኩ የሁለተኛው ወገን ነው፦ ካህን እንኳ ይስታል፣ አምላክ ብቻ ይሰማል። ሐና ግን «እግዜር ያውቀኛል» ብላ አልወጣችም። ጌታዬ ሆይ፣ አልሰከርሁም፣ ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ ብላ አስረዳችው። እሱም ቃሉን ለውጦ መረቃት። ፊቷ የበራው፣ እህልም የቀመሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ገና አልተፀነሰም። አምላክ ጸሎቷን ይሰማ የነበረው ከመጀመሪያው ነው፤ ኀዘን ከፊቷ የጠፋው ግን የሳታት ሰው ከተመለሰላት በኋላ ነው። የቁርኣኗም ሴት፣ 58ኛው ሱራ በእሷ ነገር የተሰየመው፣ ስለ ባሏ ነቢዩን ትከራከራለች፣ ለአላህም ስሞታዋን ታሰማለች። ከሁለቱ አንዱን አልተወችም።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። «እግዜር ያውቃል» እውነት ነው፤ ማን እንደሚናገረው ግን ይለያያል። ያዘነው ሰው ሲለው መጠጊያ ነው። ያቺ ከሳዑዲ የተመለሰች ልጅ ስትለው ማንም ሊወስድባት የማይችለው አንድ ክፍል ቤቷ ነው፤ በሩን እንድትከፍት የማስገደድ መብት የለኝም። ለመስማት የተቀመጠው ሰው ሲለው ግን፣ ያውም ንግግሩ ሳያልቅ፣ በሌላው ፊት በር መዝጋት ነው። ዘመዳችን እናቴን ለአምላክ አደራ የሰጣት መስሎት ከራሱ ላይ አወረዳት። ክርስቲያን ለሆንነው ደግሞ በአልዓዛር መቃብር ላይ የሆነው አለ፦ ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው የሚያውቀው ጌታ አስቀድሞ አለቀሰ። ሁሉን ማወቁ ከማልቀስ አላዳነውም። እኛ ምንም ሳናውቅ በምን ሥልጣን ነው ለቅሶውን የምንዘልለው?

ለሰሚው የምለው ሌላም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ መረዳት ሲጽፍ፣ የሌላውን ዓለም የራስህ እንደሆነ ያህል አድርገህ ተመልከት፣ ግን «ያህል» የምትለዋን ከቶ አትጣል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ጎረቤታችን ያደረገችው ይህንን ነበር። እናቴን «ይገባኛል» አላለቻትም፤ ባል የሞተበት ሰው ሆኜ ላናግርሽ አላለችም። የራሷን አንዲት ነገር፣ ያን ሳል፣ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። ከእናቴ ኀዘን ውስጥ እሷም የምታውቀው ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ ያንኑ ብቻ ተናገረች።

ይህን የምታነቡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለቅሶ ቤት የምትሄዱ ሰዎች፣ ሟቹን የምታውቁበት አንድ ነገር ካላችሁ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ባለ ኀዘኑ «ያን ሌሊት እንዲህ ባደርግ ኖሮ…» ብሎ ከጀመረ ይጨርስ። የነገራችሁንም እዚያው ትታችሁት ውጡ፤ አዝናችሁም ቢሆን ለማንም አትንገሩ።

ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ባል ሞተ። እናቴ ስድስት ወር ሙሉ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ጠዋት ጠዋት ጀበና ይዛ በካቡ በኩል ትዞር ነበር። ምን እንደሚያወሩ ጠይቄያት አላውቅም።